የአንድ ክንድ ሜዳ ቆጠራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1974 ዓ.ም.
ስርጉትን አንበረከክኳት። ሰባተኛ ክፍል ሁሉ እያየ።
ትምህርቱ በምድር ላይ ስንት ዓይነት ሕይወት ያለው ነገር እንዳለ ነበር። ቆጥሮ የጨረሰ የለም፤ ጥቂት ቦታ ቆጥረን የቀረውን እንገምታለን ብዬ አስረዳሁ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ክንድ በክንድ መሬት በካስማ ከልለው፣ ያገኙትን ዓይነት ሁሉ እንዲጽፉ አዘዝኩ። ስምንት አመጡ፣ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ። ስርጉት አርባ ሦስት! «ከሜዳው ነው ከሕልምሽ?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። «አይቼው ነው» አለች። ውሸታም ብዬ ወረቀቷን ቀደድኩት።

ማክሰኞ
ካስማዎቿ አልተነቀሉም። ሰው አለመኖሩን አይቼ ጎንበስ አልኩ። ሰርዶ፣ ማገጥ፣ ጦስኝ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው አምስት ሣሮች። አፈሩን በስንጥር ስገልጥ ደግሞ ትሉ፣ ምስጡ፣ ከጤፍ የሚያንሱ ነጫጭ ነገሮች። አርባ ሰባት ላይ ዓይኔ ደከመ። ለካ እኔ ነኝ ሳልቆጥር ከአሥራ አምስት አይበልጥም ብዬ የወሰንኩት።
ከሰዓት በኋላ የመምህራን ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አደረግሁ፦ ሁለት ቀን አርፍጃለሁ። ጓዶች አጨበጨቡልኝ። የስርጉትን ነገር ዋጥኩት።

ረቡዕ
አልመጣችም። ስትመጣ አናግራታለሁ። ምን ብዬ? መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ
አባቷ ከገነተ ማርያም መጡ፤ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው። «ልጄ መምህሯን ዋሽታለች አሉኝ። ስለ ላሊበላ ብለው ይማሩን፤ ካልማሩን ከትምህርቱ አስቀራታለሁ።»
ርዕሰ መምህሩም መምህራኑም ቆመው ያያሉ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ይቅር ለእግዜር፤ ይነሡ አባባ» ነው። አጥፊው እኔ፣ ማሪውም እኔ! እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፈሪ ነኝ። ምሳም አልበላሁ።

ዓርብ
መጣች፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቆጠራውን ድገሙት ብዬ አስወጣኋቸው። የስርጉት ወረቀት፦ ዘጠኝ።
ክፍሉ ፊት ቆሜ፣ «ስርጉት አልዋሸችም። እኔ ራሴ ቆጥሬ አርባ ሰባት አግኝቻለሁ። ማክሰኞ አውቄ ዝም አልኩ። ስርጉት፣ እሑድ ቤታችሁ መጥቼ ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። የሳቀ የለም። እሷም ቀና ብላ አላየችኝም። «ታዲያ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ።
«ያየሽውን።»
ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ እሷ ገና ሜዳው ላይ ነበረች።