አረንጓዴው ሳፋ

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ልጆቹን ስታነሺ ይወጋሻል? እንቅልፍሽስ? እኔ በልጄ ጠባቂነት፣ ከሁሉም በላይ በአምላክ ቸርነት፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ግን አልችልም። የደበቅሁሽን ነገር ከሰላምታው ሳልርቅ ልናገረው፤ ካዘገየሁት እንደ ልማዴ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበቴ ሕመም አውርቼ ፖስታውን እዘጋዋለሁ። የዛሬ አራት ዓመት ሕፃናቱን ያሳመመው የአንቺ እጅ አይደለም። የእኔ ነው። ያኔም አውቄው ነበር።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች በኋላ ቤቱ ኦና ሆኖብኝ ግድግዳ ሳይ ስውል ደርሰሽ ያቆምሽኝ አንቺ ነሽ። ሳሎኑን ሥራ የሚወጡ እናቶች ልጆች መዋያ አደረግሽው፤ አምስት ሕፃን፣ አምስት ፍራሽ። እኔም አናጺ አይደለሁ፣ ለፎጣቸው አምስት ሚስማር መታሁልሽ። አንዱ ፎጣ ሌላውን እንዳይነካ አራርቀው ብለሽ ሁለት ጊዜ አስነቀልሽኝ። በየፎጣው ጥግ የየልጁን መለያ ክር ሰፋሽበት። ሳፋውም ሁለት ነበር፤ ቀዩ ለቂጥ ማጠቢያ፣ አረንጓዴው ለፊትና ለማንኪያ። ጡጦ ትቀቅያለሽ፣ አፍንጫ ጠርገሽ ትታጠቢያለሽ፣ ሽንት ጨርቅ ቀይረሽ ሳትታጠቢ ሌላ ልጅ አታቅፊም። «እዚህ ቤት ልጅ ነው የሚያድገው ወይስ ቀዶ ጥገና ነው የሚሠራው?» እያልኩ እቀልድብሽ ነበር። አንቺም «ጋሼ፣ አንተ መጀመሪያ ጥፍርህን ቁረጥ» ብለሽ አፌን ታስይዢኛለሽ። በሩ ላይ ደግሞ ካርቶን አስመታሽኝ፤ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘው ልጅ ከተሻለው በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ቤቱ ሳይቆይ አይመጣም የሚል።

ያን ማክሰኞ ሳሙና አልቆ ነበር። ከሰፈሩ ሱቅ ስታጪ ገበያ ድረስ ልትሄጂ ተነሳሽ። ልጆቹ ተኝተዋል። «እስክመለስ ማንንም እንዳትቀበል» አልሽኝ። አንቺ ከመታጠፍሽ ከአምስቱ የአንዱ አባት፣ ሹፌሩ፣ ልጁን ታቅፎ መጣ፤ ያን ሁልጊዜ የሚስቀውን፣ ቀበጡ የምንለውን። ያን ቀን ግን አይስቅም። «ጋሼ፣ ሆዱን ትንሽ ነው፣ ጥርስ ሊያበቅል ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እናቱ ትወስደዋለች። ዛሬ ካረፈድኩ መኪናውን ለሌላ ይሰጡብኛል» አለኝ። ያስመታሽኝ ካርቶን ከራሴ በላይ ነው ያለው። እንቢ ማለት አቃተኝ። ደግነት እንዳይመስልሽ፤ ይሉኝታ ነው። ነገ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን እንዳያዞርብኝ ነው የሳሳሁት።

ልጁ ገና ሲገባ ተቅማጡን ለቀቀው። ቀዩ ሳፋ የተነከረ ጨርቅ ሞልቶበት ነበርና አጠገቤ ያገኘሁትን አረንጓዴውን አነሳሁ። እዚያው ውስጥ አጠብኩት፣ እዚያው እጄን አለቀለቅሁ። ሳፋውንም በባዶ ውኃ አገላብጬ ወደ ቦታው መለስኩት። እናቱ መጥታ ልጁን ወሰደችው። አንቺ ስትገቢ ቤቱ ትተሽው እንደሄድሽው ነበር።

እጅሽን በአዲሱ ሳሙና እስከ ክርንሽ ታጠብሽ። ከዚያ የድምቡሼን ማንኪያና ኩባያ ልታለቀልቂ አረንጓዴውን ሳፋ ሳብሽ። ድምቡሼ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ምነው ጋሼ?» አልሽኝ። «ምንም፣ ራበኝ» አልኩሽ። ያቺ ቃል ናት፣ እህቴ፣ የምታቃጥለኝ። ሳፋ መሳሳት የሞኝ ሥራ ነው፤ ሞኝ ይቅር ይባላል። እኔ ግን ታናሽ እህቴ እንዳትቆጣኝ ብዬ ማንኪያው ወደ ልጅቱ አፍ ሲሄድ ተቀምጬ አየሁ።

የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ልጆች ተከታትለው ታመሙ። ሁለቱ ቶሎ ዳኑ፤ ድምቡሼ ግን ሆስፒታል ገብታ ዘጠኝ ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች። ሐኪሙ ከሚይዛት ሰው እጅ ያገኘችው ነው ብሎ ለእናቷ ነገራት። እናቷም ግቢያችን በር ላይ ቆማ፣ ሰው እየሰማ፣ «ፎጣ ላይ ክር የምታስሪው ለወግ ነው ለካ! እጅሽ እንዲህ የቆሸሸ መሆኑን ባውቅ ልጄን ለውሻ እተዋት ነበር» አለችሽ። አንቺ «የቱ ጋ ነው የረሳሁት? የቱ ጋ?» እያልሽ ወደ እኔ ዞርሽ። እኔ የበሩን ማጠፊያ እንደሚያይ ሰው ሚስማሩን እየነካካሁ ነበር። ማጠፊያው ምንም አልሆነም ነበር። በሳምንቱ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ በወሩ አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ሰው አገር ልጅ ልታሳድጊ ሄድሽ።

ልብስ ሰፊዋ ለእኔማ አዘነችልኝ። «አንተ ምን ታደርግ፣ እህት ሆናብህ» አለችና የተቀደደ ሱሪዬን ሰፍታ ላከችልኝ። ለበስኩት። አራት ዓመት ሙሉ ስጸልይ ለእግዚአብሔር እንኳ ነገሩን ጠምዝዤ ነው የማቀርበው፤ «በቤታችን የሆነውን ይቅር በል» እላለሁ እንጂ ማን እንዳደረገው አልልም። እሱ የማያውቅ ይመስል። ልጄ አሁን ወልዳለች። ሕፃኑን ስታቀብለኝ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ አልቀበልም። «አባዬ፣ ይሄንንስ ከአክስቴ ነው የተማርከው» ብላ ትስቃለች። እሷ ስትስቅ እኔ ውኃውን እከፍታለሁ፣ ድምፁ እንዲሸፍነኝ።

እስከ መቃብር ይዤው ልሄድ ወስኜ ነበር። ያለፈው ደብዳቤሽ ነው የገለበጠኝ። እጅሽ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ እየደማ መሆኑን፣ ሌሊት እንኳ ተነስተሽ እንደምትታጠቢ ጻፍሽልኝ። ቀጥለሽም «ምናልባት ያን ቀን እኔው ሳላውቀው ረስቼ ይሆናል። አንተም አይተኸኝ ይሆናል፤ ስላልተናገርክብኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አልሽ። አመሰገንሽኝ። እኔ የቀበርኩትን ጥፋት አንቺ ቆፍረሽ የራስሽ አደረግሽው። ያን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ይቅርታ አልለምንሽም፤ ገና ነው፣ ሳትቆጪኝ ይቅር እንዳትይኝም እፈራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፤ ሰው የሚታጠበው እስኪጸዳ ነው እንጂ እስኪቆስል አይደለም። እጅሽ ያኔም ንጹሕ ነበር። ቅባት ቀቢው፣ አሳርፊው።

ልጄ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ባሏም እንዲሁ። ሕፃኑ አንቺን ባያውቅሽም ስምሽን ሲጠሩለት ይዞራል። የቀኝ ጎረቤታችን አሮጊቷ «ያቺ ደርባባ ልጅ ደህና ናት?» ብለው ጠይቀውሻል። አብራሽ ለምትኖረው ለአክስታችን ልጅ፣ ለምታሳድጊያቸውም ለሁለቱ ሕፃናት ሰላምታዬ ይድረስ።

እዚህ ላይ ፖስታውን ልዘጋው ነበር። ሳስበው ግን ለአንቺ ለብቻሽ፣ ከሩቅ፣ በወረቀት መናገር ከሁሉም ቀላሉ ሆኖ አገኘሁት። ስምሽ የጠፋው እዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረፋድ ላይ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ድምቡሼ መሬት ተቀምጣ ቁራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ትለያለች፤ ቀጥናለች፣ ግን ጤነኛ ናት። ጎንበስ ብዬ ለእናቷ በጆሮዋ ነገርኳት። እግሯን ከማሽኑ መርገጫ ሳታነሳ «አልሰማሁህም» አለችኝ። ደገምኩት፣ አሁንም በሹክሹክታ። «ጋሼ፣ ማሽኑ ይጮሃል። ሱሪ ከሆነ እስከ ሐሙስ አይደርስልህም» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። አልዋሽሽም፣ እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ከዚያ እጄን ሰድጄ የማሽኑን ጎማ ያዝኩት። ቆመ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ስምሽን ከነአባታችን ጠራሁና፣ «ልጆቻችሁን ያሳመምኩት እኔ ነኝ፤ እሷ የለችበትም። አይቼ ዝም አልኩ» አልኩ፣ ከውጭ የሚያልፍ ሰው እስኪሰማ ድረስ።

ወንድምሽ
ከቤታችን፣ ግንቦት 19 ቀን