የጎመኑ ልክ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለእታገኝ፤ ወልድያ ላይ አንቺም ልጆችሽም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።

በስልክ ስለምትጮኺብኝ በደብዳቤ ልንገርሽ፤ ለዚያ ድካሜ ስም ተገኘለት! ሐኪሙ «የልብሽ ምት የተዛባ ነው» ቢለኝ «ልቤ ድሮም እስክስታ ይወዳል» አልኩትና ተሳሳቅን። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ጀመርኩ።

ታዲያ ጎመን የክኒኑን ሥራ ያዛባዋል፤ «በየቀኑ እኩል ብይ እንጂ አንድ ቀን አብዝተሽ አንድ ቀን እንዳትተዪ» ብሎኛል። ዘንድሮ ደግሞ ጓሮው ጎመን በጎመን ሆኗል፣ ፍልሰታም ገብቷል! በጭልፋ እየለካሁ እበላለሁ። ለአንድ ሰው መቀቀል ግን እስካሁን አልለመድኩም፤ የአራት ሰው ድስት እጥድና የተረፈውን ለጎረቤት አደርሳለሁ።

ነርሷ «ብትወድቂ፣ ደም ቢፈስሽ የሚደርስልሽ፣ አብሮሽ የሚኖር ማነው?» አለችኝ። ቶሎ ብዬ «እህቴ እታገኝ» አልኳት፤ ስልክሽንም ካርዴ ላይ ጻፈችው። እንግዲህ ከደወለችልሽ «እዚሁ ሰቆጣ ከእህቴ ጋር ነኝ» በያት። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ፤ ውሸቱ ግማሽ ብቻ ነው።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ መድኃኔዓለም በደኅና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትሽ ታይቱ