«ሙታን ይጠብቃሉ» ላሉት የመርከብ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ሶቲሪት
የ«ሐይቁ ዘውድ» የወንዝ ሽርሽር መርከብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ፕኖም ፔን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በመርከብዎ ሰገነት ላይ፣ በቀዝቃዛ ፎጣ ፊትዎን እያበሱ፣ ጤናዎ እንደ ክረምት ውሃ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በተለይም ለፎቶግራፍ አንሺዎ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔም ደህና ነኝ፤ የመንደሬ ሰው ሰላምታዬን መመለስ ሲጀምር ደግሞ ይበልጥ ደህና እሆናለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ለመዳፈር አይደለም፤ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች በሄድኩ ቁጥር ስለመለሰችኝ፣ ጋዜጣ ግን ስብሰባም ውስጥ ይገባል ብዬ ነው።

ከምስጋና ልጀምር። የምረቃ ካባችንን ገና ሳናወልቅ ወደ አዳራሻችን መጥተው «የአንግኮርን ታሪክ እስከ መቼ ሌላ ሰው ይተርክልን? አፋችን እናንተ ናችሁ!» ሲሉ፣ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። አምኜዎት አስጎብኚዎ ሆንኩ። መርከባችን ከፕኖም ፔን ተነስታ ወደ ሲየም ሪፕ ሽቅብ ስትወጣ፣ ነገ ስለሚያዩአቸው የአንግኮር የድንጋይ ማማዎች ለእንግዶችዎ ስተርክ፣ ከእኔ የበለጠ ዕድለኛ ተመራቂ በአገሩ ያለ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ደስታ እግዜር ይስጥልኝ። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አንደኛ፦ የሙታን በዓላችን ሲቃረብ አስጠርተውኝ «ሪያክሳ፣ እንግዶቹ ድንጋይ ሰልችቷቸዋል። ማንም ያልረገጠው መንደር አታውቂም?» አሉኝ። እኔም ቸኳይ ነኝና በካምፖንግ ችናንግ በኩል ያለውን የራሴን መንደር ፕሬይ ስማችን አቀረብኩልዎ። ከበዓሉ ዐሥራ አምስት ቀናት ውስጥ መነኮሳቱን የማብላት ተራ የእኛ መንደር በሚሆንበት ቀን ማለዳ እንደሚደርሱ ቃል ሰጡ፤ እንግዶችዎ ሩዙን በእጃቸው እንዲያቀርቡም ማዕዱ ሳይጀመር እንዲጠበቁ ለመኑ። የገዳሙን ሥርዓት የሚመሩት ሽማግሌ ኔም «ልጄ፣ የመርከብ ሰው ሰዓት ያከብራል?» ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ አባቴ፣ እነሱማ በደቂቃ ነው የሚሄዱት!» ብዬ ማልኩልዎ። በእርስዎ ምትክ ስለማልኩ እስካሁን አላመሰገኑኝም።

ሁለተኛ፦ እርስዎም እንደ እኛው ክመር ነዎትና ይህን ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም የሥራ ብዛት አስረስቶዎት ይሆናል። መነኩሴ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አይቀምስም። ሙታኖቻችን ደግሞ የሚበሉት መነኩሴው ሲበላ ነው። በዚያ ሰሞን ከገዳም ገዳም እየዞሩ ወገኖቻቸውን ይፈልጋሉ፤ ያጡ እንደሆነ ተራግመው ይሄዳሉ። ይህን ልጅም ያውቀዋል።

በዚያ ማለዳ መርከቧ ከመንደሩ ማዶ መልህቅ ጥላ ቆመች። ፎቶግራፍ አንሺዎ «የጠዋቱ ፀሐይ ፊት ያበላሻል፣ የከሰዓቱ ይሻላል» አለ። እኔ እጅ ነስቼ «ክቡር ሆይ፣ እኩለ ቀን ካለፈ እኮ አለቀ» ብልዎ፣ እርስዎ ማንጎዎን እየቆረጡ «አንቺ ልጅ፣ አትጨነቂ። ሙታን ይጠብቃሉ፤ የት ሊሄዱ ነው? እንግዳ ነው የማይጠብቀው» አሉኝ። ሽማግሌ ኔም ሲደውሉ ደግሞ ስልኩን ከእጄ ወስደው፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ «አባቴ፣ ደርሰናል፣ የወንዙ መታጠፊያ ላይ ነን፤ ትንሽ ብቻ ታገሱን!» አሏቸው። መልህቁ ጭቃ ውስጥ ነበር። መንደሩ አመነዎት፤ ታገሰም።

ስንደርስ እኩለ ቀን አልፎ ጥላው ዞሯል። የመንደሩ ምግብ ሁሉ እንደተከደነ በገዳሙ ምንጣፍ ላይ ተደርድሯል፤ የነካው የለም። አክስቴ ሳሩን በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችው ሩዝ አጠገብ ተቀምጣለች። ባሏ ፌን ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የሰጠመው አምና ክረምት ነው፤ ይህ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው በዓሉ ነበር። ስታየኝ ልታጽናናኝ ፈገግ አለችና «ፌን በሕይወቱ ለምሳ በጊዜ ደርሶ አያውቅም። ዘንድሮ እሱ ቀድሞ መጣ፣ እኛ አረፈድን» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ «ሪያክሳ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ባዶ ሆዱን ሄደ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንግኮር ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ማንበብ እችላለሁ፤ ይህ ግን እዚያ አልተጻፈም። እርስዎ በዚያ ሰዓት አበምኔቱን «ቢያንስ ማንኪያውን ወደ አፍዎ ጠጋ ያድርጉልን፣ ለፎቶ ነው» እያሉ ነበር። እሳቸው ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ለእርስዎ ያላቸው አክብሮት ቃል ያሳጣቸው መሰለኝ።

ሦስተኛ፦ ለብልሃትዎ አድናቆቴን ሳልገልጽ ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። መነኩሴ ሲጠፋ መነኩሴ ሠሩ። የመርከቧ መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ቪቦል አባቱ ሞቶበት ራሱን ተላጭቶ ነበር፤ እርስዎ ይህን የተላጨ ራስ አይተው ተደሰቱ። ብርቱካንማውን የጠረጴዛ ጨርቅ አለበሱትና በሰገነቱ ላይ የእንግዶቹን እጅ በቀይ ክር እያሰረ መረቃቸው። ከእራት በፊት ያው ቪቦል መጠጥ ሲቀዳ አንዲት አሮጊት እንግዳ ለባሏ «አየህ? እነዚህ መነኮሳት ሥራ አይንቁም!» ስትል ሰማሁ። ቪቦል ግን ጥግ ይዞ «እናቴ እንዳትሰማ በሞቴ። የአባቴን ሐዘን እኮ ነው ለፎቶ ያዋልኩት» አለኝ።

አራተኛውን መጻፍ ጀምሬ ተውኩት። በማግስቱ ቢሮዎ አስገብተው «ለዘንድሮ ትንሽ ተዛንፏል፤ ለከርሞ መንደሩ በዓሉን ወደ ከሰዓት ቢያዛውርልን አንቺን የአስጎብኚዎች ኃላፊ አደርግሻለሁ» ማለትዎን ቅሬታ ልለው አልችልም። ያን ጊዜ ነው ከማን ጋር እንደምሠራ የገባኝ፤ ለግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ሥራዬን ለቅቄያለሁ። አሁንም ግን ይህን አገር መተረክ እፈልጋለሁ፤ ቢያስፈልግ በባይስክል፣ ቢያስፈልግ በእግሬ። ይህን ፍላጎት የቀሰቀሱብኝ እርስዎ ነዎት፤ ሊያጠፉት አለመቻልዎን ይቅር ይበሉኝ።

ወንዙ በመርከብዎ ፊት ዘወትር ጥልቅ እንዲሆን፣ እንግዶችዎም የከሰዓት ፀሐይ እንዳይጎድልባቸው እየተመኘሁ፣ ከሙሉ አክብሮት ጋር፣ አፋችን ትሆኛለሽ ተብላ የተቀጠረችው፣

ኡክ ሪያክሳ
ከፕሬይ ስማች

ማስታወሻ፦ በበዓሉ የመጨረሻ ቀን አክስቴ ሳሩን እንደገና ምግብ ይዛ በማለዳ ወደ ገዳሙ ሄደች፤ ፌን ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አላወቅንም። እርስዎ አምና እናትዎን ባታምባንግ ከተማ እንደቀበሩ ሾፌርዎ ነግሮኝ ስለነበር፣ በመንገድ ላይ ይህንኑ ነገርኳት። አክስቴ ቆመችና «ልጇ መርከብ ላይ ከሆነ እሷን ማን አበላት?» አለች። ከፌን ሩዝ ላይ ከፍላ አቀረበችላቸው። ስለዚህ አያስቡ፣ እናትዎ እኛ ዘንድ በልተዋል። አበምኔቱ በጸሎት የሚጠሩትን ስም ሲጠይቁ ግን ማናችንም ስላላወቅን «የዚያ ሰውዬ እናት» ተብለው ነው የተጠሩት።