ዘሃራ እንዳታነበው የተጻፈ ደብዳቤ

ሰኞ፣ ጥቅምት 1 ቀን 80 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ግራ ጉልበቴ ዛሬም አኩርፋለች። ቀኟ ብቻ ትታዘዛለች። ሻይ ያለ ስኳር፤ የቀበሌው ሱቅ «ነገ ይመጣል» ካለ ሦስተኛ ሳምንቱ። ዝናቡ ቆሟል። ከከተማው በላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ቡናው መቅላት ጀምሯል።

ደብተሬ፣ ዛሬ ግን ወሬ አለኝ። ከልጅ ልጄ ከዘሃራ ደብዳቤ መጣ። በፖስታ አይደለም፤ በፖስታ የሚመጣውን ከእኛ በፊት የሚያነብልን አለ። ጎረቤቴ ነርሷ ሲስተር አስቴር ከአ.አ. ይዛው መጣች። የት ደብቃው እንደመጣች አልጠየቅኩም። ሽታው የጫማ ነው።

ዘሃራ ደህና ናት። አሜሪካ ሐኪም ለመሆን የሚያስፈልገውን ፈተና ሁሉ አልፋለች፤ ማሻአላህ። የቀራት አንድ ሆስፒታል ተቀብሏት በሐኪሞቻቸው ሥር እየሠራች መሠልጠን ነው። ለዚያ ሥራዋን በዓይናቸው ያዩ ሦስት ሐኪሞች ስለ እሷ መጻፍ አለባቸው። ሁለቱን አግኝታለች። ሦስተኛው የኛው ዶ/ር ጴጥሮስ ነው፤ እዚህ ጅማ ሁለት ዓመት ያሠራት። እስከ ኅዳር አጋማሽ ካልደረሰ ዓመቱ አለፈ። እስከዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰሃን ታጥባለች። የእኔ ዶክተር!

ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው፦ ደብዳቤው ታሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ተፈርሞ፣ ሳይከፈት መድረስ አለበት። ራሷ ዘሃራ እንኳ ላታየው ፈርማለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፍ/ቤት በር ላይ ተቀመጥኩ። ባለጉዳይ በኦሮምኛ ሲነግረኝ በአማርኛ ማመልከቻ ስጽፍ። ጽፌ ሳላነብለት የአንድ ሰው አውራ ጣት ቀለም አላስነካሁም። አሁን ባለጉዳዩ የማይሰማው ጽሑፍ! አሜሪካኖች ቀልደኞች ናቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3

ሆስፒታል ዋልኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ዶ/ሩ እንዳይደክም ረቂቁን ራሴ ጽፌለት ሄድኩ። ሁለት ገጽ።

ዶ/ር ጴጥሮስ የከምባታ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያመሰግን የሰማው የለም። ዘሃራ እዚህ ሳለች አንድ ቀን ብቻ «ደህና» እንዳላት ነግራኛለች። ለሦስት ቀን እየዘለለች ቤቱን ልታፈርስብኝ ነበር። እኔም አላመሰግናትም ነበር፤ «እጅሽ ወፍራም ነው፣ ለድንች ልጣጭ እንጂ ለቀዶ ጥገና አይሆንም» እላት ነበር።

ፈርቼ ነበር። ለትምህርት ወጥታ ያልተመለሰች ልጅ ናት። ለእሷ መጻፍ ያስጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ስሙ በደህና አይነሳም። ይህን ሁሉ አነሳሁለት። ተነስቶ በሩን ዘጋና ተቀመጠ። «ረቂቁን ያንብቡልኝ፣ አባ ፊጣ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አነበብኩ። «...የደካማ ሽማግሌ ልጅ መሆኗን ተመልክታችሁ፣ እግራችሁ ሥር ወድቀን...» እስከሚለው ታገሠ። ከዚያ ሳቀ። ዶ/ር ጴጥሮስ! መነጽሩ ወለቀ።

«አባ ፊጣ፣ ይሄ እኮ የእስረኛ ማመልከቻ ነው። ዘሃራ ምን አጥፍታ ነው ምሕረት የምትለምነው?»

አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ ለካ።

አርብ፣ ጥቅምት 5፣ ከጁምዓ በኋላ

አስጠራኝ። ጽፎታል፤ በእንግሊዝኛ፣ በገዛ እጁ በታይፕ መትቶ። ሊያሽገው ሲል ሳይነበብ አይታሸግም አልኩ። ምስጢር ነው አለ። ምስጢርነቱ ለዘሃራ ነው፣ እኔ ዘሃራ አይደለሁም፣ ጢም አለኝ አልኩት። ተሸነፈ። እየተረጎመ አነበበልኝ።

መጀመሪያው ጥሩ። ጠንካራ ሠራተኛ፣ በሽተኛ የምታዳምጥ፣ በሁለት ቋንቋ የምታክም። ከዚያ ምን አለ መሰለሽ፣ ደብተሬ? ስህተቷን ጻፈ!

አንድ ሰው ከአሰንዳቦ ሆዱን አሞት መጣ። ዘሃራ ወባ ነው ብላ ክኒን ሰጥታ ሸኘችው። ከሰዓት በኋላ ነገሩ አልዋጥ አላት። ማንንም ሳትጠይቅ በጭነት መኪና አሰንዳቦ ወረደች፣ ፈልጋ አገኘችው፣ ይዛው ተመለሰች። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ዶ/ሩ ቀደደው፣ ዳነ። ሰውየው ገና ሳይነቃ ካርዱን አምጥታ በቀለም ጻፈችበት፦ «በጠዋቱ ምርመራ ሆዱን በሚገባ አልነካሁትም። ስህተቱ የእኔ ነው።» ቀንና ፊርማ።

ጮህኩ። እንዴ ዶክተር! የደንበኛህን ጥፋት ለዳኛ ትናገራለህ? በሠላሳ አንድ ዓመቴ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አላየሁም! እሱ ረጋ ብሎ፦ «እኔም በሠላሳ ዓመት ሐኪምነቴ እንዲህ ያለ ካርድ አላየሁም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።»

አሸገው። ማሸጊያው ላይ ፈረመ። ቢሮ ባያድር ይሻላል፣ እርስዎ ለሲስተር አስቴር ይስጡልኝ አለ። ሐሙስ ለሥልጠና ናይሮቢ ትሄዳለች፣ ከዚያ ትልከዋለች።

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ይከብዳል።

እሁድ፣ ጥቅምት 7

የቀበሌ ስብሰባ። ግለ ሂስ። ሊቀ መንበሩ ተነስቶ ከመጠን በላይ በመሥራት ጤናዬን ዘንግቻለሁ ብሎ ራሱን ወቀሰ። አጨበጨብን። እኔ ስብሰባ ላይ አንቀላፍቻለሁ ብዬ ራሴን ወቀስኩ፤ ከሁሉ የኔ ብቻ እውነት ነበር።

ስመለስ ሲስተር አስቴር በር ላይ ጠበቀችኝ። ደብዳቤው? ገና አልተጻፈም አልኳት።

ዋሸሁ። ፖስታው ከቁርኣኑ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። ዶ/ሩ ያበላሸባት መስሎኛል። አሜሪካኖቹ «ስህተቱ የእኔ ነው» የሚለውን አይተው በሩን ይዘጉባታል።

ለአንቺ ግን፣ ደብተሬ፣ አልደብቅም። በሩ ቢዘጋ ትመለስ ይሆናል የምትል አንዲት ሐሳብ አለች። ጢሜን እየጎተተች አላስተኛ ብላለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9፣ አሰንዳቦ ውዬ

በአውቶቡስ ወረድኩ። ምስክር ሳይሰማ ፍርድ የለም። ሰውየውን አገኘሁት፤ አባ ዲጋ ይባላል፣ በርበሬ ነጋዴ። የዘሃራ አካኮ፣ አያቷ ነኝ ስለው ገበያ መሃል ሸሚዙን ገልቦ ጠባሳውን አሳየኝ። ሁለት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ።

«ይኸውሎት! የእርስዎ ልጅ ናት!»

የቀደደችህ እሷ አይደለችም፣ እሷማ ልትገድልህ ነበር አልኩት። ልፈትነው ብዬ።

ተቆጣ። «እሱንም ነግራኛለች! ቤቴ ድረስ፣ ጭቃ ለጭቃ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። ‹አባ ዲጋ፣ ጠዋት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ተነስ እንሂድ› አለችኝ። ስንት ሐኪም አይቻለሁ አካኮ፤ ሁሉም ጌታ ነው። ተሳስቻለሁ ብሎ ደጄ የቆመ ሌላ አለ? ወላሂ፣ ያልተሳሳተ ሐኪም ቢመጣ እንኳ አላምነውም፣ እሷን ጥሩልኝ ነው የምለው።»

አሁን የት ደርሳለች አለኝ። ርቃለች አልኩ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለእሷ ፈልጓት ኖሯል። ከዚያ አንድ ከረጢት በርበሬ ሞልቶ ይላኩላት ብሎ ሰጠኝ። በርበሬ፣ ለአሜሪካ!

አውቶቡሱ ላይ ከረጢቱን ታቅፌ አሰብኩ። እኛ ተሰብስበን፣ ታዘን፣ ተጨብጭቦልን ራሳችንን እንወቅሳለን። ያቺ ወፍራም እጅ ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳያዛት ጻፈችው። ዶ/ሩ ይህን አይቶ ነበር። አንዲት «ደህና» ብሎ ሸኛት እንጂ ካርዱን አልረሳም። እኔ ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ድንች ነው ያየሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10፣ ከአሱር ሶላት በኋላ

ሰጠሁ።

ሲስተር አስቴር ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ፖስታውን አገላብጣ አየች። የዶ/ሩ ፊርማ እንዳለ ነው፣ ቀኑም አለ። አርብ። ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ እሁድ አልተጻፈም ብለውኝ ነበር እኮ።» ዋሽቻለሁ አልኳት። አልሳቀችም። ፖስታውን ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለችና፣ በርበሬውን አልወስድም አለች።

ለዘሃራም ቁራጭ ወረቀት ጨመርኩ። ከዶ/ሩ ደብዳቤ ምንም አልነገርኳትም፤ ሕግ ሕግ ነው። የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው። ግልባጩ ይኸው፦

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ደብዳቤሽን አምስት ቀን ይዤ ያቆየሁት እኔ አካኮሽ ነኝ። ፈርቼልሽ ነው ብዬ ነበር፤ ግማሹ እንድትመለሺ ፈልጌ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ቀንና ፊርማ። በቀለም።

ያቺን የመጨረሻ መስመር ስታይ የማን አጻጻፍ እንደሆነ ታውቃለች። ዶ/ር ጴጥሮስ ምኑን እንደጻፈላትም ያኔ ይገባታል። እንደ ዱሮው ለሦስት ቀን ትዘል ይሆናል፣ ኢንሻአላህ። እኔ ግን አሜሪካኖቹ ጠርተው ቢጠይቁኝ፣ ወላሂ፣ ከታሸገው ነገር አንዲት ቃል እንኳ አልነገርኳትም።