የእድራችን ቃሬዛና የካርቶኑ ትራክተር

ናዝሬት፣ ቅዳሜ ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ መርዳሳ ፉፋ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአፌ መናገር ስለማልችል ነው። በስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው በልቤ ስለሆነ፣ ከፊትዎ ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ ተቀጥቼ አውቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና እንዴት ነው? ጤናዎ የግልዎ ብቻ ሳይሆን የአገር ሀብት መሆኑን ከዚህ በታች ስለማስረዳ፣ ጥያቄዬን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። እናቴ ወይዘሮ ዘርፉ «ጋሽ መርዳሳ» እያለች ነው የምትጠራዎት፤ ይህ ደብዳቤ ግን በግድግዳ ጋዜጣው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሰው ሁሉ የሚያነበው ስለሆነ «ጓድ» ማለቱን መርጫለሁ።

ባለፈው እሑድ የአገራችን ሰው አማካይ ዕድሜ ከአርባ ብዙም እንደማያልፍ፣ ምክንያቱም ኋላ ቀር ልማድ፣ ጠንቋይና ስንፍና መሆኑን ስላስተማሩን እጅግ አመሰግናለሁ። እናቴ ታማ ተኝታ ስለነበር ቤት ገብቼ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ዕድሜ እንደ ቀበሌው ሱቅ ስኳር በኮታ የሚታደል መስሏት፣ «እንግዲያው ድርሻዬን ልጨርስ ነዋ! ስኳሩን እንዲያ እያዘገዩ ይሄን ምነው አፈጠኑት?» ብላ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ሳሏ ደም አለው።

እኔም ቢሆን በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ አሁን በማታ አራተኛ ክፍል የደረስኩ ስለሆንኩ አማካይ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማታ አስተማሪያችን ሲያስረዳን፣ ብዙ የኖረውንም በሕፃንነቱ የሞተውንም ደምሮ ማካፈል ነው አለ። ታናሽ ወንድሜ በሁለት ዓመቱ በተቅማጥ ሞቷል። እርስዎ፣ ዕድሜ ይጨምርልዎና፣ ስድሳ ሞልቶዎታል። የሁለታችሁ ተደምሮ ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ይደርሳችኋል። በቀበሌያችን የእርስዎ ቤትና የእኛ ቤት እኩል ሲካፈሉ ያየሁት በዚህ ሒሳብ ብቻ ነው። የወንድሜን ጉድለት በራስዎ ዕድሜ እየሞሉ የአገሪቱን አማካይ ከፍ ስለሚያደርጉልን ውለታዎን አልረሳም።

ይሁን እንጂ ከጠንቋይና ከስንፍና ሌላ ደግሞ ጥቂት ምክንያቶች ያሉ ስለመሰለኝ፣ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እየፈራሁ አቀርባለሁ።

፩. ውሃ። ስብሰባ ያጓደለ ሰፈር ቦኖው ስለሚቆለፍበት እኛ የጉድጓድ ውሃ እንጠጣለን። ወንድሜም የጠጣው እሱን ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ስብሰባ ባለመውጣቱ ይቅርታ እጠይቅለታለሁ። ጥርሳችን የበለዘው ስለማንፋቅ እንደሆነም ነግረውናል። እኔ በየማለዳው እፋቃለሁ፤ ጥርሴ ግን ያው ነው። የልጆችዎ ጥርስ ወተት የመሰለው ቧንቧው ግቢያችሁ ውስጥ ስለገባ ሳይሆን መፋቂያቸው የተለየ ስለሆነ መሆን አለበት።

፪. ሥራ። እናቴ እስክትታመም ድረስ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ ቦሎቄ ስትለቅም ነው የኖረችው። የተለቀመው ቦሎቄ ባሕር ይሻገራል፤ ለእሷ የደረሳት አቧራው ነው። የሰነፍ ሰው ሳንባ በሥራ አቧራ እንዴት እንደሚሞላ በሚቀጥለው ትምህርትዎ ቢያብራሩልን።

፫. ቃሬዛው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ እናቴ ቶሎ ሆስፒታል ከገባች እንደምትድን፣ ቤት ከተኛች ግን እንደማትሰነብት ነገረችን። ባለጋሪዎቹ ደም የምታስል ሴት ካሳፈርን ሌላ ሰው አይሳፈርብንም ብለው እምቢ አሉ። በጀርባዬ አዝዬ ሞከርኩ። ረዥም ስለሆነች እግሯ ጭቃው ላይ እየተጎተተ ቦኖው ጋ ስንደርስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ተመለስን።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ በቀበሌው መጋዘን የተቆለፈበትን የእድራችንን ቃሬዛ እንዲያውሱን ለመንኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደግሜ ለመንኩ። እርስዎም ቀና ብለው «ሞታለች?» አሉኝ። አልሞተችም አልኩ። «ደንቡ ለሬሳ ነው የሚለው። ስትሞት ነይ፤ ያኔ ድንኳኑንም ትወስጃለሽ» ብለው በአባትነት አሰናበቱኝ። ስለ ድንኳኑ አመሰግናለሁ። እናቴ ስትበላም ሳትበላም የእድር መዋጮዋን አጓድላ አታውቅም፤ ለመቀበሪያዋ የሚሆነው ሁሉ ተሟልቶላታል። ያልተሟላላት ለመኖሪያዋ የሚሆነው ብቻ ነው።

ግን ያንኑ ቃሬዛ በሜይ ዴይ ሰልፍ ላይ አይቼዋለሁ። ወጣቶቹ ከካርቶን ሠርተው ቀይ ቀለም የቀቡትን ትራክተር ጭነውበት በትከሻቸው ተሸክመው ሲያልፉ፣ እርስዎ ከፊት ከፊት እያጨበጨቡ ይሄዱ ነበር። ያን ጊዜ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ አሁን ግን እጠይቃለሁ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ትራክተሩ ሞቶ ነበር?

መልሱ እስኪደርሰኝ እናቴ ስለማትቆይ፣ ነገ የማደርገውን አስቀድሜ ላሳውቅዎ። ስብሰባው ሲጀመር የቤታችንን በር ከማጠፊያው ነቅዬ እናቴን እሱ ላይ አስተኛታለሁ። ጎረቤታችን አዴ ፋዲላና ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ሦስቱን ማዕዘን ይይዙልኛል፤ አራተኛው የእኔ ነው። ይህ የወንድ ሸክም ነው እንደሚባል እናውቃለን፤ ወንዶቹ ግን ቀሪ እንዳይባሉ አዳራሽ ውስጥ ይሆናሉ። የሆስፒታሉ መንገድ በአዳራሹ ደጃፍ ስለሚያልፍ በሕይወት ያለች ሴት ስትሄድ ሁላችሁም ታያላችሁ። ቤቱ የቀበሌ፣ በሩም የቀበሌ፣ ቁጥሩም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ቀበሌው እናቴን አልረዳም የሚል ቢኖር ሐሰተኛ ነው። በዚያ ሰዓት ስሜ ቢጠራ ከመንገዱ ላይ ሆኜ «አቤት» እላለሁ።

ብዙ እንዲኖሩ ከልቧ የምትመኝ፣ እርስዎ ቢጎድሉ የአገራችን አማካይ ዕድሜ ዝቅ ይላል ብላ የምትሳሳልዎ፣ ታዛዥነቷ እስከ ዛሬ ያልተጓደለ

ዘመናይ ገሠሠ

ግልባጭ፦
ለእድራችን ዳኛ
ለካርቶኑ ትራክተር፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ቤታችን በር ስለማይኖረው፣ ይህን አንብበው ሰው ቢልኩብኝ ማንኳኳት አያስፈልገውም። እናቴን አድርሼ እመለሳለሁ፤ እኔን ቤት ያገኙኛል። እሷን ግን አያገኟትም፤ ሆስፒታል ናት።