ዳጣዬን ላይክ ያደረገ ሁሉ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ ለግሩም፤

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ እንዴት ናት? ብርዱ ሲገባ ጉልበቷ ብሶባት ይሆን? ባለቤትህ ሜላትስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከካርቱም ሙቀትና ካንተ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ስደውልልህ "ስብሰባ ላይ ነኝ እታለም" ትላለህ፣ ስጽፍልህ አውራ ጣት ትልክልኛለህ። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ አዳማ በሚመለሰው በሻምበል እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ ስለ ዳጣዬ ነው። በእረፍት ቀኔ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት እየፈጨሁ ለማውቃቸው ሰዎች የምሸጠውን ዳጣ፣ አንተ "ብራንድ እናድርገው" ብለህ ስም አወጣህለት፣ ገጽ ከፈትክለት። ፎቶው ሲያምር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ ግን የላይኩን ብዛት አይተህ "ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ይፈልገዋል፣ በብዛት አዘጋጂ" አልከኝ፤ እኔም ሞኟ አመንኩህ። አሠሪዬን ሐጃ ዘሃራን አስፈቅጄ ማቀዝቀዣቸውን በጠርሙስ ሞላሁት። የገዛኝ ያው የድሮ ደንበኛዬ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የቀረው ሸተተና ደፋሁት። ቃሪያው እጄን ያቃጠለኝ ሳያንስ!

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው ሁሉ እየሳመ "አይቼሻለሁ፣ ላይክ አድርጌልሻለሁ" ይለኛል፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለልኝ ሁሉ። አላስቻለኝምና የማኅበራችንን ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘርፈሽን ታዲያ ለምን አንድ እንኳ አይወስዱም አልኳቸው። "ውይ ልጄ፣ የእኔ ጨጓራ መች ቃሪያ ይችላል! ደስ ይበልሽ ብዬ ነው እንጂ" አሉኝ። አይቶ ዝም ማለት ሰላም ሳይሉ እንደማለፍ ነው አሉ። ግሩምዬ፣ የአባባን ሙት ዓመት ፎቶ ስትለጥፍ ያ ሁሉ ሰው ላይክ ያደረገው ሞቱን ወዶለት ነው? የእኛ ሰው "አለሁ፣ አይቼሻለሁ" ማለቱ ነው፤ እገዛለሁ ያለ የለም። በኢንተርኔት ስለ መሸጥ ስልጠና ወስጃለሁ የምትል ሰው ይህ እንዴት ይጠፋሃል?

እሱስ ይሁን። ሳትጠይቀኝ "ሱቃችን በቅርቡ ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ይከፈታል" ብለህ መለጠፍህ ግን ጉድ አደረገኝ። የምን ሱቅ? በሕልምህ ያየኸው? የሐጃ ልጅ ፎቶዬን አይታ የልብ ምልክት ተጫነችበት፤ ስልኳ ጽሑፉን በዐረብኛ ተርጉሞላት ለእናቷ አሳየቻቸው። ሐጃ ከልባቸው ደስ ብሏቸው "ማብሩክ ያ ቢንቲ"፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ ብለው አቀፉኝ። ሱቅ የለኝም ብዬ ብምል ብገዘት የሰው ዓይን ፈርቼ የምደብቅ መሰላቸው። ሳይውሉ ሳያድሩ ሌላ ሠራተኛ ቀጠሩና፣ የማድርበትን ክፍል እስከ ቅዳሜ እንድለቅላት፣ ኢንሻአላህ ሱቄንም መጥተው እንደሚያዩ ነገሩኝ። ደግ ሴት ናቸው፣ በእሳቸው እንዴት ልቆጣ? የምቆጣው ባንተ ነው።

ማደሪያ ፍለጋ በራክሻ፣ በእዚህ አገር ባጃጅ፣ አርካዊት ሰፈር ድረስ ዞርኩ፤ አላገኘሁም። ትናንት ሲጨንቀኝ ራሴ ገጹ ላይ ጻፍኩ። ሱቅ የለኝም፣ ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ማደሪያ የለኝም፣ ለጊዜው የሚያስጠጋኝ ሰው ካለ በእግዚአብሔር ስም ብዬ ለመንኩ። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ሳየው ላይክ በላይ በላዩ ተደርድሯል። "አይዞሽ" ያለም አለ። ነይ ያለኝ የለም። ከሁሉ በፊት ላይክ ያደረግኸው አንተ ነህ። ሳታነበው ነው የተጫንከው፣ አይደል?

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ቤት ማጣቴን ግን እንዳትነግራት። ሜላትን ናፍቀሻታል በልልኝ፤ ያንተን ስልክ አንዳንዴ ደብቂበት ብላሻለችም በላት። አጎታችን ስለሺን እንዲጸልይልኝ ንገረው፣ ሳይደክመው የሚጸልይ እሱ ነው።

ይህ ወረቀት እስኪደርስህ ቅዳሜ አልፏል። የት እንዳደርኩ ማወቅ ከፈለግህ ደውልልኝ።

እህትህ ዮሳቤጥ
ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.