ባለሰማያዊ ፀጉሯ ዛሬም አትሰማራም

ይድረስ ለልጄ፣ ለቤታችን ታናሽ። እንደምን ከርመሻል? እኛ የእናትሽ ጉልበት በብርድ ከማጉረምረሙ በቀር በሰላም አለን።

አሮጌው ስልክ ላይ ትተሽልኝ የሄድሽውን ጌም ቀጥያለሁ። በጌሙ ውስጥ ያሉት አስማተኞች ልጃገረዶች ከተማውን አድነው ሲመለሱ ሻይ አጠጣቸዋለሁ፣ አስተኛቸዋለሁ፣ ጠዋት አሰማራቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላሰማራ ሰው ይሄ ምን ይከብደዋል?

በቅጽል ስምሽ የሰየምሻት ባለሰማያዊ ፀጉሯ ግን አስቸገረችኝ። የድካም ምልክቷ ቀልቶ እያለ ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ትላለች። ይህን «ደህና ነኝ» ከሾፌሮች አፍ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ዓይኑ የቀላ ሾፌር በእኔ ፊርማ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ አልጋ ላይ አዋልኳት። ጌሙ «ከተማው እየፈረሰ ነው» እያለ ይጮኻል። ይፍረስ። ወንድምሽ «አባዬ፣ ትሸነፋለህ እኮ» አለኝ። «ልሸነፍ» አልኩት።

አንቺም ሁለት ፈረቃ ደርበሽ እንደምትሠሪ በሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ጽፈሻል። ጎበዝ ነሽ፣ በእኔ ወጥተሻል። የአልጋሽን አንሶላ እናትሽ በየሳምንቱ ትቀይራለች፤ የሚተኛበት ሳይኖር።

ሁሉም ሰላም ብለውሻል። ስትመልሺልኝ ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጽፊ። ስንት ሰዓት እንደተኛሽ ጻፊልኝ።

የስምሪት ኃላፊው አባትሽ